ከላሟ በፊት ሳሩ፦ 31 መልስ ያገኘ አንድ ጥያቄ

ሰሞኑን ከብት አርቢዎች የሚጻጻፉበትን አንድ የውይይት ክር ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩ። 31 መልስ አለው። ጥያቄው ወደዚህ ሥራ ሊገባ የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። መልሶቹ ግን እንዲህ አንድ ቦታ ተሰብስበው ብዙ ጊዜ አይገኙም። ስለዚህ በየቁጥራቸው ላውጋችሁ። እኔም ላሞች አሉኝ፤ የመሰለኝን ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

ጠያቂው 6 ሄክታር መሬት አለው። ለዓመታት ጦም ያደረ መሬት ነው፤ ከፊሉን ሳር፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወርሶታል። ሰውየው 12 የወተት ላሞች ለመግዛት ቆርጧል። የበረቱ ንድፍ አልቋል፣ ገንዘቡም ተዘጋጅቷል። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ብዙ ወተት የሚሰጠው የትኛው ዝርያ ነው? ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ እግረ መንገዱን አንድ ነገር አክሏል። መሬቱ ሰፊ ስለሆነ የመኖ ነገር እንደማያሳስበው። ክሩን እስከ 31 የጎተተችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

1ኛው መልስ ሰጪ በጨዋ ደንብ ጀመረ። አንቱ እያለ፣ ለሙያው ያለውን ፍቅር እያሳየ። በወተት ብዛት ሆልስታይን ፍሪዥያንን የሚደርስባት እንደሌለ፣ ጀርሲ ደግሞ በአካሏ አነስ፣ በወተቷ ቅባት ከፍ የምትል መሆኗን አስረዳ። ግን እዚያው ላይ ዝርያ ሁለተኛ ጥያቄ እንደሆነ ጠቆመ። ብዙ የምትታለብ ላም ብዙ የምትበላ ላም ናት። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሰው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ላሞቹ ምን እንደሚበሉ ማወቅ ፈለገ።

2ኛው በሁለት መስመር ጨረሰ። አንዲት ላም በቀን 50 ኪሎ ሳር እንደምትበላ፣ 12ቱ ደግሞ 600 ኪሎ እንደሚፈልጉ ጻፈ፤ አለቀ።

3ኛዋ ጸሐፊ እርማት ይዛ መጣች። 50 ኪሎ የሚለው ቁጥር ስህተት ባይሆንም እንደሚያሳስት አስረዳች። ለምለም ሳር 100 ኪሎ ቢመዘን 80 ኪሎ ገደማው ውሃ ነው። አርቢ የሚቆጥረው ውሃው ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን፣ ደረቅ ቁስ የሚባለውን ነው። አንዲት ላም በቀን ከክብደቷ 2.5 በመቶ ገደማ ደረቅ ቁስ ትበላለች። ብዙ የምትታለብ ከሆነች ከ3 በመቶም ያልፋል። 400 ኪሎ ለምትመዝን ላም 10 ኪሎ ማለት ነው። ያ 10 ኪሎ ከለምለም ሳር ሲመጣ 50 ኪሎ ይሆናል፤ ከድርቆሽ ሲመጣ ግን 11 ወይም 12 ኪሎ ይበቃል። ይህን ልዩነት ያልገባው ሰው መኖ ሲገዛ ውሃ ይገዛል። እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ በስምንት መስመር አስረዳችው።

4ኛው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ ለእኔም ከሁሉም የላቀው። ጸሐፊው ጠያቂውን ከበረቱ ንድፍ አንስቶ መስኩ ላይ አቆመው። ከሽቦ ወይም ከእንጨት ጎኖቹ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ እንዲሠራ መከረው። ካሬውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። በውስጡ ያለውን ሳር በማጭድ ከመሬት አስጠግቶ ያጭዳል። በወረቀት ከረጢት ይከተዋል፣ ቁጥር ይጽፍበታል። ይህን ቢያንስ 20 ቦታ ላይ ይደጋግማል። ከዚያ ሳሩን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ይመዝነዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ካሬው የአንድ ሜትር ካሬ ሩብ ነው። ስለዚህ የአንዱ ካሬ አማካይ ግራም በ40 ሲባዛ በሄክታር ስንት ኪሎ እንዳለ ይነግራል። 50 ግራም ከተገኘ 2,000 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ግማሹ ለሳሩ ለራሱ ይተዋል። የቀረው 1,000 ኪሎ ለአንዲት ላም የ100 ቀን ቀለብ ነው። ወይም ለ100 ላሞች የአንድ ቀን።

ይህን በእጁ ያልሠራ ሰው ቁጥሩ አይሰማውም። ጉልበታችሁን የሚውጥ የሚመስል ሳር ታጭዳላችሁ። ከረጢቱ ጢም ይላል። ከአራት ቀን በኋላ ስትከፍቱት ታች ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ ነገር ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሰው መሬቱን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

5ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። አመሰገነ፣ ግን አልተሸነፈም። ሳር ከተጋጠ በኋላ መልሶ ይበቅላል፤ አንድ ቀን ተመዝኖ ለዓመት እንዴት ይፈረድበታል የሚል ሙግት ገጠመ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

6ኛዋ ደገፈችው፤ 4ኛውንም አረመችው። ያ ልኬት በዕለቱ ቆሞ የተገኘውን ሳር እንጂ የዓመቱን ምርት አይነግርም። ላሞቹ ወደ አንድ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በየጊዜው መለካትና መደመር ያስፈልጋል። ግማሹን ተው የሚባለውም ለሳሩ በማዘን አይደለም። ሳር የሚመገበው በቅጠሉ ነው። እስከ መሬት ከተጋጠ ሥሩም አብሮ ይመነምናል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ የሚጠጣበት ሥር አይኖረውም። ስለዚህ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ቁመት ሲቀረው ላሞቹ ይወጣሉ። ግጦሹ በአጥር ይከፋፈላል፤ አንዱ ሲጋጥ ሌሎቹ ያርፋሉ። ሳር በሚፈጥንበት ወቅት ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ በደረቁ ወቅት ደግሞ 2 ወርና ከዚያ በላይ። አንድ ነገር ጨመረች፤ የሆድ ትል እጮች አብዛኞቹ የሚገኙት ከሳሩ ታችኛው ክፍል፣ ከመሬት ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ነው። ላም መሬት ለመሬት ስትግጥ ሳሩን ብቻ አይደለም የምትበላው።

በመጀመሪያ ዓመቴ ከተጋጠው ክፍል ላይ በ12ኛው ቀን አረንጓዴ አየሁና ላሞቹን መለስኳቸው። አረንጓዴው ሳሩ ከሥሩ ተበድሮ ያወጣው የመጀመሪያ ቅጠል ነበር። በዚያ ክፍል ላይ በቀጣዩ ዓመት ከሳር አረም በዛ።

7ኛው ጸሐፊ የራሱን ታሪክ አወጋ። ላሞቹን ገዝቶ መሬቱን ያሰበው በኋላ ነው። ግጦሹ በ3ኛው ወር አለቀ። ድርቆሽ የሚፈለገው ሁሉም ሰው በሚፈልግበት ወቅት ስለሆነ በተጠየቀው ዋጋ ገዛ። በ7ኛው ወር ስምንቱን ለማኖር አራቱን ሸጠ። የሸጣቸውም ጥሩዎቹን ነበር፤ ከስተው የጎን አጥንታቸው የወጣውን የሚገዛው አላገኘም። ታሪኩን የቋጨው መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር፣ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይፈይዳል በሚለው የድሮ ተረት ነው። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ የዚህን ሰው ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን መመጠን የሚለው ቃል ከበደኝ።

8ኛው ወጣ ያለ ጥያቄ ጠየቀ። ላሞቹን ጨርሶ ወደ መስክ ሳያወጡ፣ በረት ውስጥ እያጨዱ መመገብ ይሻል እንደሆነ። 9ኛዋ ይሆናል፣ ግን ሥራው ወደ ሰው ጉልበት እንደሚዞር ገለጸች። ለዚያ የዝሆን ሳር ጥሩ መሆኑን ጠቅሳ አተካከሉን አሳየች። ሦስት አንጓ ያለው ግንድ ይቆረጣል። ዘንበል ተደርጎ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ፣ አንዱ ከላይ ይሆናል። ቡቃያውም ሥሩም የሚወጣው ከአንጓው ነው። ሳሩ ከሰው ቁመት ሳያልፍ ካልታጨደ ግንዱ እንጨት ይሆናል፤ ላሟም ቅጠሉን ብቻ መርጣ ግንዱን ትተወዋለች።

እስከዚህ ሁሉም ነገር በአንቱታ ነበር። 10ኛው መጣና ጠያቂውን አንተ አለው። ላም አልቦ የማያውቅ ሰው ስለ ዝርያ መጠየቁ እንዳናደደው አልደበቀም። የበረት ንድፍ መሳል ሙያ እንዳልሆነ፣ ከብት የቢሮ ሥራ እንዳልሆነ ጻፈ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረትም ሳይጨምር አላለፈም። 11ኛዋ ወዲያው ተቆጣችው። ሰው ሳይገዛ ቀድሞ መጠየቁ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሰድብ እንዳልሆነ፣ ቃሉን እንዲመዝን ነገረችው። ልክ ብላለች።

12ኛው የራሱ የ10ኛው መልስ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ቁጣው ከየት እንደመጣ ተናገረ፤ ሳነበው እኔም ከእሱ ጋር የነበረኝ ቅያሜ ለቀቀኝ። በጀመረበት ዓመት፣ ጠል ባለበት ጠዋት፣ የራቡ ላሞችን ማገጥ የሚባለው ባለሦስት ቅጠል የመኖ ተክል በበዛበት ለምለም መስክ ላይ ለቀቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዷ ላም መብላት አቆመች። ሆዷን በእግሯ መርገጥ ጀመረች። የግራ ሽንጧ ከጎድን አጥንቷ ኋላ ተነፋ። መታ ሲያደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ምን እንደሆነ አላወቀም። ውሃ ሊያጠጣት ሞከረ። ዓይኑ እያየ አፏን ከፍታ ምላሷን አውጥታ ወደቀች። እርጉዝ ነበረች።

13ኛው ከእንስሳት ሕክምና ወገን እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ረጋ ብሎ አስረዳ። የላም ትልቁ ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ውስጡ ተሕዋስያን መኖውን ሲያብላሉ ጋዝ ይወጣል። ላሟ ጋዙን በግሳት ታስወጣዋለች። ለጋ ማገጥና አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ግን ጋዙን በአረፋ ያስሩታል። አረፋ ደግሞ በግሳት አይወጣም። ጨጓራው ሲነፋ ሳንባን ይጫናል፤ ላሟ የምትሞተው በመታፈን ነው። መከላከያው ቀላል መሆኑን ጻፈ። መጀመሪያ ድርቆሽ አብልቶ ማውጣት፣ ጠሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ማገጥን ከሳር ጋር አዳቅሎ መዝራት። አዲስ መኖ በአንድ ቀን አይቀየርም። የጨጓራው ተሕዋስያን እስኪለምዱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋሉ። ከተነፋች ደግሞ ባለሙያ እስኪደርስ አረፋውን የሚሰብር የምግብ ዘይት ማጠጣት ይረዳል። ባለሙያው የሚገኝበት ስልክ ላሟ ከመግባቷ በፊት በረቱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊገኝ እንደሚገባም አሳሰበ።

ከዚህ በኋላ ጠያቂው ራሱ ተለወጠ። በ14ኛው መልስ ዝርያ የሚባል ነገር አላነሳም። ጦም ያደረውን መሬት ከምን መጀመር እንዳለበት ጠየቀ።

15ኛዋ ከአፈሩ ጀመረች። በመስኩ ላይ እየተጠማዘዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር መውሰድ። በንጹህ ባልዲ መቀላቀል። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህሉን ወደ አፈር ምርመራ መላክ። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ያስፈልገዋል፤ ኖራ ደግሞ ወራት ስለሚፈጅ ከዘር በፊት ቀድሞ ይገባል። አልፋልፋን የመሰለ ዘር በጣም ደቃቅ ነው። ከ1 ሳንቲሜትር ብዙ ከጠለቀ አቅሙ አልቆ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ማሽላ ቀብሮ የሚዘራ ሰው ዘሩን አይቶት አያውቅም ማለት ነው።

የእሷ መልስ ላይ የወደድኩት ሁለት ነገር አለ። አንዱ፣ ማገጥ ወይም አልፋልፋ በደንብ መያዙን ለማወቅ ተክሉን በአካፋ አንስቶ ሥሩን ማየት ነው። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ማዳበሪያ እየሠራላችሁ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። ሁለተኛው፣ አዲስ የተዘራ ግጦሽ ለላም መድረሱን በእጅ መሞከር ነው። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ትጎትተዋለች። ስለዚህ አንድ ጭብጥ ሳር ይዛችሁ እንደ እሷ ጎትቱት። ቅጠሉ ከተቆረጠ ደርሷል። ከነሥሩ ከወጣ ገና ነው። በዚህ ፈተና ስንት ሰው የአንድ ዓመት ልፋቱን ባተረፈ!

16ኛው መርዛማ ተክሎችን አነሳ። የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ የላምን ጉበት እንደሚጎዳና ቆዳዋ ፀሐይ እንዳይችል እንደሚያደርግ፣ ቅንጬ አረም ደግሞ ወተቱን እንደሚያመርር ጻፈ። ለጋ ማሽላና ሱዳን ሳር ድርቅ ከመታቸው በኋላ ሲያቆጠቁጡ ሳያናይድ ይይዛሉ። 60 ሳንቲሜትር ሳይሞሉ ከብት መልቀቅ አደጋ ነው። 17ኛው ከዚያ ቀጠለና መስኩን በእግር እየዞሩ ሽቦ፣ ሚስማርና ፌስታል መልቀም እንደሚገባ አሳሰበ። ላም የምትበላውን አኝካ አትመርጥም፤ ትውጥና በኋላ ነው የምታመሰኳው። የተዋጠ ሚስማር ከጨጓራው ፊተኛ ክፍል ይቀመጣል። ያንን ክፍል ከልብ የሚለየው ስስ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስማሩ ወግቶት ልብ ጋ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ አርቢዎች ለዚህ ሲሉ ላሞቻቸውን ማግኔት እንደሚያስውጡ ነገረን። ማግኔቱ እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ይይዛል። እውነት ነው፤ የእኔም ሁለት ላሞች አላቸው።

ከ18 እስከ 22 ያለው ጠብ ነው። 18ኛው ላም ሲገዛ ዓይኗን፣ ፀጉሯንና ግቷን አይቶ መወሰን ለሚያውቅ ሰው በቂ መሆኑን ጻፈ። ለ30 ዓመት እንዲህ ኖሯል። 19ኛዋ ዓይን ብሩሴሎሲስን እንደማያይ መለሰችለት። ይህ ተላላፊ የውርጃ በሽታ ነው። የያዛት ላም አንድ ጊዜ አስወርዳ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። በሽታው ግን እሷ ጋ አለ። በጥሬ ወተትና በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሰውም ይሻገራል። 20ኛው መልስ የዚያው የ18ኛው ሰውዬ ነው፤ ልጅቱ ከመጽሐፍ እንደምታወራ ጻፈ። 21ኛው ደግሞ የዚያችው የ19ኛዋ ነው። በበሽታው ሁለት ዓመት በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የታመመው አባቷ መሆኑን ገለጸች። እሱም ላም በዓይን ይገዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ 18ኛው አልጻፈም። 22ኛው ከሁለቱ መሃል ገባ። የአዋቂ ዓይን ዋጋ እንዳለው፣ ግን ምርመራን እንደማይተካ አስታረቀ። ከመግዛት በፊት ለብሩሴሎሲስ የደም ምርመራ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ከ72 ሰዓት በኋላ የሚነበብ የቆዳ ምርመራ ማድረግ። አዲስ የገባችውን ላም ለ30 ቀን ከሌሎቹ ለይቶ ማቆየት። የራሷ ባልዲ፣ የራሷ ገንዳ፤ ሥራውም ከጤነኞቹ በኋላ። የከብት ደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀው በክትባትና በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ እንደሆነ አስታወሰ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ መሃል ላይ አልቆምም። ያልተመረመረች ላም ወደ በረቴ አትገባም።

23ኛው ውሃ ጠየቀ፤ 24ኛዋ መለሰች። የምትታለብ ላም በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር፣ ሙቀት ሲበረታ ከዚያም በላይ ትጠጣለች። ለ12 ላሞች ከ720 እስከ 1,200 ሊትር ማለት ነው። ውሃው በየቀኑ ተሸክሞ የሚመጣ ከሆነ ሌላው ሁሉ ዕቅድ ሥራ ላይ አይውልም።

25ኛው ከመንገድ ወጣ። ላሞች ሰው ይለያሉ ወይ የሚል ጥያቄ አመጣ። 26ኛዋ በደንብ እንደሚለዩ፣ ክፉኛ የመታቸውን ሰው ሲያዩ ወተታቸውን አግደው እንደሚይዙ ጻፈች። ከዚያ ግን ወሬውን ወደ ቁም ነገር መለሰችው። የእሷ ምክር ጠያቂው ምንም ከመግዛቱ በፊት ሌላ ሰው እርባታ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት እንዲሠራ ነው። አንድ ወር አይበቃም። የላም እርግዝና 283 ቀን ገደማ ነው። ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው፤ ምልክቱም አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ጠዋት የታየባት ማታ ትጠቃለች (ከኮርማ ትገናኛለች)፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት። ያመለጠችው ሌላ 21 ቀን መኖ ትበላለች። ከመውለዷ 2 ወር በፊት መታለብ ታቆማለች። ይህን ሁሉ በአንዲት ላም ላይ ለማየት ዓመት ይፈጃል።

ከዚያ ሌሊት ስለወለደች ላም ጻፈች። ጥጃው ገና እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። እትብቱ ላይ አዮዲን ይደረጋል። ከዚያ እንገር። ለ35 ኪሎ ጥጃ 3.5 ሊትር ገደማ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ። ጥጃ ሲወለድ የራሱ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከእናቱ የሚያገኘው በእንገሩ ነው። አንጀቱ ያንን መከላከያ የሚያስገባበት በር በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ነገ ጠዋት እሰጠዋለሁ ብሎ የተኛ ሰው ዘገየ። እሷ ይህን የተማረችው በሰው በረት፣ በሰው ጥጃ መሆኑን ጻፈች። ክሩ ላይ ካሉት ምክሮች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የእሷን እመርጣለሁ።

27ኛው ድርቆሽ፣ 28ኛው ገፈራ። ሳር ለድርቆሽ የሚታጨደው ማበብ ሲጀምር ነው፤ ዘር ካፈራ በኋላ ብዛት እንጂ ጥቅም አይጨምርም። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ይሻግታል፤ ውስጡ ሞቆ እሳት እስከመነሳት ይደርሳል። ገፈራ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ርጥብ ሆኖ ተከትክቶ፣ ተረግጦ፣ አየር እንዳይገባው ይታፈናል። የተከተከተውን በጡጫ ጨምቁት። ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። እጃችሁን ስትከፍቱ ቀስ ብሎ ከተበተነ ልክ ነው። እንደከፈታችሁ ወዲያው ከፈረሰ ደርቋል።

በ29ኛው ላይ ጠያቂው ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ካሬውን ሠርቷል። 20 ከረጢት አጭዷል፣ አድርቋል፣ መዝኗል። አማካዩ 35 ግራም። በሄክታር 1,400 ኪሎ። ለ6 ሄክታር 8,400፣ ግማሹ 4,200። 12 ላሞች በቀን 120 ኪሎ ስለሚበሉ ዛሬ ቢገቡ የቆመው ሳር የሚያቆያቸው ለ35 ቀን ነው። ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፈው። ምንም አስተያየት አልጨመረም።

30ኛው አመሰገነውና አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ካሬውን የት የት እንዳስቀመጠ። የሰው ዓይን ሳር ያለበትን ቦታ እንደሚመርጥ፣ ባዶውንና ቁጥቋጦውን ሳያስበው እንደሚዘል አስረዳ። በቀጥታ መስመር እየሄደ በየ40 እርምጃው፣ እግሩ የቆመበት ላይ ድንጋይም ቢሆን፣ እንዲያስቀምጥ መከረው።

31ኛው ትናንት የተጻፈ ነው። ጠያቂው እንደተባለው ደግሞ ለክቷል። አማካዩ 28 ግራም ሆነ። 35 ቀን የነበረው 28 ቀን ሆነ። የላሞቹን ግዥ ወደሚቀጥለው ዓመት አሸጋግሯል። አፈር ልኳል። ጠዋት ጠዋት የሚሠራበት እርባታም አግኝቷል፤ ሰኞ ይጀምራል። ከዚያ አዲስ ጥያቄ ጠየቀ። ከመስኩ ታችኛው ጥግ ክረምት ሙሉ ውሃ ይተኛል፤ ሳሩ እዚያ ላይ ከሁሉም ለምለም ነው። ከየት ልጀምር ብሎ ሲያስብ ዓይኑ እዚያ እንዳረፈ ጽፏል።

ለዚህ ገና መልስ አላገኘም። ውሃ የሚተኛበት ሳር ውስጥ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ የጉበት ትል የሚያድገው በእነሱ ነው። መጀመሪያ ቦይ ቀዶ ውሃውን ማውጣት፣ እስኪደርቅ ድረስም ያንን ጥግ ማጠር ይኖርበታል። ዛሬ ማታ 32ኛውን መልስ እኔ እጽፍለታለሁ።